የማንም ዘመድ ያልሆነ ምስክር

በጎንደር ከተማ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ፎቶ ቤት ነበራቸው። በጥር፣ በሠርጉ ወር፣ የአንዲት ሙሽራ ቤተሰብ ለሠርጉም ለመልሱም ቀጠራቸው። ሥራውን ተካፈሉት፤ ታላቁ የቤተ ክርስቲያኑን ሥነ ሥርዓት፣ ታናሹ የመልሱን ድግስ ሊያነሳ።

ታላቁ ማሽን የሚያምን ሰው ነበር። «ካሜራው ከእኔ ይበልጥ ያውቃል» ይልና የብርሃኑን ልክ ለካሜራው ትቶ ቁልፉን ብቻ ይጫናል። ታናሹ የሚያምነው ዓይኑን ነበር። ካሜራው የመረጠውን እየሻረ፣ ስክሪኑን እያየ፣ ደስ እስኪለው ድረስ ይጨምራል፣ ይቀንሳል።

ፎቶው ታትሞ ሲመጣ የሙሽራዋ እናት እንባ ቀደማቸው። በቤተ ክርስቲያኑ ፎቶ ነጭ የለበሰው ሕዝብ በሙሉ አመድማ ሆኗል፤ የሙሽራዋ ፊት ከመጥቆሩ የተነሳ ዓይኗ እንኳ አይለይም። በመልሱ ፎቶ ደግሞ ፊቷ ሰማያዊ ነው፤ ስንት ወር የተለፋበት የቀሚሷ ጥልፍ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ቀርቷል።

«ይቺ የማን ልጅ ናት?» አሉ እናት። «የኔ ልጅ ጠይም ናት። ይሄኛውም እሷ አይደለችም፣ ያኛውም እሷ አይደለችም።»

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ግራ ቀኙን ሰሙና ተመካከሩ። «ሁለቱም አጥፍተዋል። ወንድማማችም ናቸው። ካሳውን እኩል ይክፈሉና ነገሩ ይለቅ» ሊሉ ሲሉ አንደኛው፣ «የማናውቀውን ሙያ ከምንዳኝ የሚያውቅ ይጠራ» አሉ። ፎቶ ቤታቸውን ዘግተው በጡረታ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ፎቶ አንሺ ተጠሩ።

አዛውንቱ ፎቶዎቹን ዝም ብለው አገላበጡና ሦስት ነገር ሰበሰቡ። ከእናትየው ነጭ ነጠላ፣ ከሙሽራው ጥቁር የከፋይ ካባ ተቀበሉ። ሦስተኛውን ከራሳቸው ቦርሳ አወጡት፤ ከመዳፍ ትንሽ የሚሰፋ ግራጫ ካርድ ነው። ሦስቱን ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ሰቀሉና ታላቁን ወንድም፣ «ልጄ፣ እንደለመድከው አንሳቸው። አንድ በአንድ፣ ፍሬሙን ሞልተው» አሉት።

አነሳ። ሦስቱ ፎቶዎች በስክሪኑ ላይ ሲታዩ ጉባኤው አጉረመረመ። ነጠላው ግራጫ ነው፤ ካባው ግራጫ ነው፤ ካርዱም ግራጫ ነው። በጨርቁ ሽመና ካልሆነ በቀር በንጣትና በጥቁረት የሚለይ አልነበረም።

«ካሜራው አልዋሸም» አሉ አዛውንቱ። «የተማረው ፍርድ አንድ ብቻ ነው። ፊቱ የቆመውን ሁሉ መካከለኛ ነው ብሎ ይነሳል። የእሱ መካከለኛ ደግሞ ለዚህ ካርድ የቀረበ ነው፤ ካርዱ ካረፈበት ብርሃን 18 ከመቶውን ይመልሳል። ነጠላ ሲያይ ብርሃን በዛ ብሎ ያጠቁረዋል። ካባ ሲያይ ብርሃን አነሰ ብሎ ያነጣዋል። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ደግሞ ያ ሁሉ ነጭ ልብስ አንድ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ነጩን ወደ መካከል ሲጎትት ጠይሟን ሙሽራ ወደ ጨለማ ገፋት።»

ከዚያ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ አሳዩት። ለነጠላው አንድ ደረጃ ተኩል አስጨመሩት፤ ለካባው ያንኑ ያህል አስቀነሱት። አንድ ደረጃ መጨመር ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። ነጠላው ነጣ፣ ካባው ጠቆረ። «ነጭ ሲበዛ ጨምር፣ ጥቁር ሲበዛ ቀንስ። ለጀማሪ የተገላቢጦሽ ይመስለዋል፤ ግን አንተ የምታርመው ነጠላውን ሳይሆን የዳኛውን አመል ነው።»

ታናሹ ደስ አለው። «ጋሼ፣ እኔስ ምን አልኩ? ማሽን አይታመንም፤ ዓይን ነው እንጂ!»

አዛውንቱ ነጠላውን አንስተው ጓዳ ውስጥ ቢጫ አምፖል ሥር ዘረጉት። «ምን ቀለም ነው?» «ነጭ» አለ ታናሹ። ወደ ደጅ አውጥተው ጥላ ውስጥ ዘረጉት። «አሁንስ?» «ነጭ ነዋ!» የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ፣ ዋይት ባላንስ የሚባለውን፣ አንድ ቦታ ላይ ቆልፈው በሁለቱም ቦታ አነሱት። አንዱ ነጠላ ብርቱካንማ፣ ሌላው ሰማያዊ ሆኖ ወጣ።

«ዓይንህ ይቅር ባይ ነው» አሉት። «ነጠላ ነጭ መሆኑን ስለሚያውቅ የብርሃኑን ቀለም ሳይነግርህ ያራግፍልሃል። ካሜራ እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ የሻማ ወደ 1900፣ የድሮው አምፖል ወደ 2800፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ 5500፣ በጠራ ሰማይ የጥላ ከ7000 በላይ ነው። አንተ በመልሱ ዋዜማ ምሽት ካሜራህን ለአምፖል አዘጋጀኸው፤ ካሜራውም የአምፖሉን ቢጫ የሚያጠፋ ሰማያዊ ጨመረልህ። በነጋታው ሳትቀይረው ፀሐይ ላይ ወጣህ። የሚጠፋ ቢጫ ስለሌለ ሰማያዊው ብቻውን ሙሽራዋ ፊት ላይ ቀረ።»

«ጥልፉስ ለምን ጠፋ?» ጠየቁ እናት።

«በእኩለ ቀን ፀሐይ ስክሪን ደብዝዞ ይታያል፤ ፎቶው የጨለመ ይመስላል። ልጁ ጨለመ ብሎ ጨመረ፤ አሁንም ጨለመ ብሎ ጨመረ። ስክሪኑ ላይ ሂስቶግራም የሚባል ግራፍ አለ፤ እሱን ፀሐይ አያታልለውም። ግራፉ በቀኝ ጠርዝ ተደራርቦ ከቆመ ነጩ ሞልቶ ፈሷል ማለት ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግራ ገባቸው። «ማሽኑም አይታመን፣ ዓይኑም አይታመን፤ ታዲያ ማን ይታመን?»

አዛውንቱ ግራጫውን ካርድ አነሱ። ሙሽራዋን ከደጅ አቁመው፣ ፊቷ ላይ ያረፈው ብርሃን ካርዱም ላይ እንዲያርፍ ጉንጯ አጠገብ አስያዟት። የብርሃኑን ልክ በካርዱ ላይ አስለኩና ካሜራውን ወደ ማንዋል አዙረው ልኩን ቆለፉት። የቀለሙንም ማስተካከያ በዚያው ካርድ አስያዙት። ከዚያ ካርዱን ወሰዱ፣ ሙሽራው በካባው መጥቶ አጠገቧ ቆመ፣ ነጠላው ትከሻዋ ላይ ተጣለ። በአንድ ፎቶ ውስጥ ነጠላው ነጭ፣ ካባው ጥቁር፣ ሙሽራዋም ጠይም ሆና ወጣች።

«ይቺ ናት ልጄ!» አሉ እናት።

«ካርዱ ለምን ግራጫ ሆነ?» አለ ታላቁ። «ለሰው ፎቶ የሰው ፊት አይሻልም?»

«ሞክረውት ነበር፤ በፊልሙ ዘመን ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች የሚልከው የቀለም መለኪያ የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ ሸርሊ ካርድ ይሉታል። አታሚው የእሷ ፊት ካማረለት ማሽኑ ተስተካክሏል ይላል። የጠይምና የጥቁር ሰው ፊት ግን በዚያ ልክ ሲታተም ዝርዝሩ ይጠፋል። ሚዛኑን በአንድ ወገን ልክ ከሠሩት ሌላው ሲመዘን ይጎድላል። ግራጫው የማንም ዘመድ አይደለም። ለነጩም ለጥቁሩም አያዳላም። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፤ ሰውየው የቆመበት ብርሃን ውስጥ መቆም። ካርዱን ጥላ ውስጥ ትተህ ፀሐይ ላይ ያለውን ሰው አትለካም፤ ምስክር ባላየው አይጠየቅም።»

በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ የተበላሸው ይመለስ እንደሆነ ጠየቁ። አዛውንቱ ሁለቱን ሚሞሪ ካርዶች ከፍተው አዩ። ታላቁ የካሜራውን ጥሬ መረጃ በሚያስቀምጠው፣ ሮው በሚባለው ፋይል ነበር ያነሳው፤ የጨለመው ውስጥ ያልተገለጠ ብዙ ዝርዝር ተቀምጧል፤ ፊቷ ትንሽ አሸዋማ ቢሆንም ብርሃኑን ከፍ ሲያደርጉት ሙሽራዋ ብቅ አለች። ታናሹ ካሜራው ራሱ ጨርሶ፣ አጥብቦ በሚያስቀምጠው በጄፔግ ነበር። የፊቷን ሰማያዊነት በከፊል ማቅለል ተቻለ፤ ጥልፉ ግን አልመጣም። «ካሜራው ያልመዘገበውን እኔም አልወልደውም» አሉ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቅድም ሊፈርዱ የነበረውን ያነሱት ከመካከላቸው ትልቅየው ነበሩ። «እኩል ይክፈሉ ልንል ነበር እኮ። ነጠላውንና ካባውን አንድ ግራጫ ልናደርግ!»

እንደገና ተመካክረው ፍርዱን ለየብቻ ሰጡ። ታናሹ የመልሱን ክፍያ እንዲመልስ ተፈረደበት፤ ያጠፋው የማይመለስ ነውና። ታላቁ ገንዘብ አይመልስም፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ፎቶ ተቀምጦ እስኪያስተካክል ሌላ ሥራ እንዳይቀበል ታዘዘ።

«እኔ ምኑን ነካሁና?» አለ ታላቁ። «ሁሉንም ያደረገው ካሜራው ነው።»

«ጥፋትህ አለመንካትህ ነው» አሉት። «ወንድምህ ሳይለካ ደከመ፤ አንተ ጭራሽ አልደከምክም። እሱ ገንዘቡን ይክፈል፤ አንተ ያልደከምከውን ድካም ክፈል።»

ሁሉን አንድ ማድረግ ለዳኛው ይቀላል፤ ከከሳሽም ከተከሳሽም ጋር አያጣላውም። ፍትሕ ግን ነጩን ነጭ፣ ጥቁሩን ጥቁር፣ ጠይሙንም ጠይም አድርጎ በየልኩ ማስቀመጥ ነው። ለዚያም ዳኛው ከመፍረዱ በፊት የራሱን አመል ማወቅ፣ ባለጉዳዩ የቆመበትንም ብርሃን ሄዶ ማየት አለበት።