ቁመቱ በልጦኛል፤ አደራውን ላስረክበው?



ወንድሜ፣ አላህ ይዘንለትና፣ መርካቶ ውስጥ አንዲት የብትን ጨርቅ ሱቅና አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትቶልኝ ወደ አኼራ ከሄደ እነሆ አሥር ዓመት ሞላው። ልጁ ዛሬ 19 ዓመቱ ነው። ጢሙ አገጩን ሸፍኖታል፤ እኔ ከሠራተኛ ጋር የማነሣውን ጥቅል ብቻውን ትከሻው ላይ ብድግ ያደርገዋል። ባለፈው ረመዳን ከተራዊሕ ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም አለና፣ «አጎቴ፣ የአባቴን ሱቅ መቼ ነው የሚያስረክቡኝ?» አለኝ።

«ስታድግ» አልኩት። ቁልቁል እያየኝ ዝም አለ።

ለመሆኑ «አደገ» የምንለው ማንን ነው? የሕጉ መልስ አጭር ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን 18 ዓመት የሞላውን ሰው አካለ መጠን ያደረሰ ይለዋል። የአካሉም ነገር ብዙ አያከራክርም፤ የአብዛኞቹ ወንዶች ቁመት በዚያው ዕድሜ አካባቢ ያበቃል፣ የሴቶቹ ደግሞ ቀደም ይላል። በሸሪዓም ቢሆን ቡሉግ፣ ማለትም ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን መድረስ፣ ሶላትና ጾምን ግዴታ ያደርጋል። ገንዘብ ላይ ሲደረስ ግን ቁርኣን ሌላ መስፈርት ይጨምራል። በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ የቲሞች ንብረታቸውን የሚረከቡት ለጋብቻ በመድረሳቸው ብቻ ሳይሆን ሩሽድ፣ ይኸውም ገንዘብን በአግባቡ የመያዝ ብስለት፣ ሲታይባቸው ነው። ጢምና ማስተዋል አብረው አይበቅሉም ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር በዚህች አንቀጽ ተደላደልኩባት። ከሕክምናውም ዓለም ደጋፊ አገኘሁ። አንጎል በስድስት ዓመት ዕድሜ ከአዋቂው መጠን ዘጠና በመቶ ያህሉን ቢይዝም፣ የውስጥ አደረጃጀቱ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። በተለይ ከግንባር በስተኋላ ያለው፣ ማመዛዘንን፣ ራስን መግታትንና ነገን አስቦ መወሰንን የሚመራው ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ መብሰሉን ይቀጥላል። ደስታንና ሽልማትን የሚያሳድደው ግን ቀድሞ ይነቃል። ሻጩ ገብቶ ሒሳብ ያዡ ገና ያልደረሰበት ሱቅ በሉት። ኢማም አቡ ሐኒፋም (ረሒመሁላህ) ሩሽድ ላልታየበት ሰው ንብረቱ 25 ዓመት ሲሞላው ይሰጠው ማለታቸው ትዝ አለኝና በጣቴ ቆጠርኩ። ስድስት ዓመት ይቀረኛል አልኩ። «ይቀረዋል» ማለት የነበረብኝ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ታላላቅ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ደግሞ ሩሽድ እስኪታይ ድረስ ዕድሜ ብቻውን አይበቃም ብለው ከመምህራቸው መለየታቸውን ሳስታውስማ ይበልጥ ደስ አለኝ።

ይህን ሁሉ ማስረጃ ተሸክሜ አንድ የማከብራቸው ሸይኽ ዘንድ ሄድኩ። እስክጨርስ ታግሠው ሰሙኝና፣ «አንቀጹ በምን ይጀምራል?» አሉኝ። የሚጀምረው የቲሞችን ፈትኑ በሚል ትእዛዝ ነው። «ታዲያ ልጁን በምን ፈተንከው?»

መልስ አልነበረኝም። አሥር ዓመት ሙሉ ጥቅል አሸክሜዋለሁ፣ ሱቅ አስጠርጌዋለሁ፣ ሻይ አስመጥቼዋለሁ። የሒሳብ መዝገቡን ግን ገልጬ አሳይቼው አላውቅም። ጥቂት ብር ሰጥቼ «ግዛ፣ ሽጥ፣ ብትከስርም አልቆጣህም» ብዬው አላውቅም። የፊቅህ ሊቃውንት የነጋዴ ልጅ በመግዛትና በመሸጥ ይሞከራል ማለታቸውን ከዚያ በፊት አንብቤዋለሁ፤ ያለፍኩት ስላልጠቀመኝ ነው። የሕክምናውንም ነገር እንዲሁ በግማሹ ነበር የያዝኩት። የአንጎል ትስስሮች የሚጠናከሩት በመሥራት ነው፤ የማይሠራባቸው ይመነመናሉ። 25 ዓመትም ቢሆን ሲደርሱበት በአንድ ሌሊት የሚከፈት በር አይደለም። ምንም ሳይወስን የደረሰበት ልጅ ያን ቀን ከየት አምጥቶ ይወስናል?

ይህ የእኔ ቤት ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ለልጃችን የሚማረውን እኛ መርጠን፣ ኪሱን እኛ ሞልተን፣ ከሰው ጋር ሲጋጭ እኛ ተሟግተን «የዛሬ ልጅ ኃላፊነት አይሰማውም» እንላለን። በሴቶቹ ላይማ ነገሩ ይብሳል። ለጋብቻ ስትጠየቅ አካሏን አይተን «ደርሳለች» የምንላት ልጅ፣ የውርስ ድርሻዋን ስትጠይቅ «ገና ልጅ ናት፣ ወንድሟ ይያዝላት» ትባላለች። በአንድ ቀን ሁለት ዕድሜ የምንሰጣት እኛው ነን። ወንድሟ በምን ተፈትኖ ነው? ብሎ የሚጠይቅም የለም።

ያችው አንቀጽ ሞግዚቱንም አትምረውም። ልጆቹ ሳያድጉ በፊት ብሎ ንብረታቸውን ለመብላት መሽቀዳደምን ትከለክላለች፤ በርክክቡም ቀን ምስክር እንዲቀመጥ ታዛለች። ወላሂ የየቲም ገንዘብ ልበላ አስቤ አላውቅም። ነገር ግን ልጁ ባላደገ ቁጥር የምጠቀመው እኔ መሆኔን ልቤ ያውቀው ነበር።

በሸዋል ወር መጀመሪያ ሁለት ሽማግሌዎች በተገኙበት የአንዱን መደርደሪያ ጨርቅ ለሙከራ አስረከብኩት፤ እሱ ገዝቶ እሱ ይሸጠዋል፣ በየወሩ እንተሳሰባለን። መዝገቡንም ፊቱ ዘረጋሁለት። ዘለግ ላለ ጊዜ አንድ በአንድ አገላበጠው። ከዚያ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አኖረ። ለልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ከሱቁ የወሰድኩበት፣ በእጄ «ብድር» ብዬ የጻፍኩበት መስመር ነው።

«አጎቴ፣ ይህ ተመልሷል?» አለኝ፤ ድምፁን ሳያነሣ። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ።