ውክልና ስንሰጥ ምን እንሰጣለን?

እህቶቼ፣ እሁድ ተሰብስበን ቡና ስንጠጣ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ወንድሜ ሙሉ ውክልና ላኪልኝ ብሎኛል፤ ልላክለት ወይስ ይቅር?» አንዷ «ወንድምሽ አይደል እንዴ! ምን ያስፈራሻል?» ትላለች። ሌላዋ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብላ ትተርታለች። ክርክሩ ይጦፋል፣ ሰዓት ይደርሳል፣ ሁላችንም ወደየማዳማችን ቤት እንበተናለን። ጥያቄው ግን እዚያው ይቀራል። እኔ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፤ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ቢሆንም ጥያቄው የሕግ ብቻ አይመስለኝም። የምንወደውን ሰው በወረቀት መገደብ እሱን አለማመን ነው ወይ? ይሄ የሕሊና ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። እዚህ አረቦቹ ውክልናን «ወካላ»፣ ተወካዩን «ወኪል» ይላሉ፤ ከእኛው ቃል ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ሰነድ የሚያረጋግጠውን ሹም «ካቲብ አል-አድል» ይሉታል፤ የፍትሕ ጸሐፊ እንደማለት ነው። አደራን ደግሞ «አማና» ይላሉ፤ ይሄም «ማመን» ከሚለው ቃላችን ጋር ዘመድ ነው። ወረቀቱና እምነቱ በሁለቱም ቋንቋ ጎረቤት ናቸው።

ውክልና ማለት ሌላ ሰው በእኔ ስም እንዲናገርና እንዲፈርም መፍቀድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2199 ጀምሮ ስለዚህ ይናገራል። ተወካዩ በተሰጠው ሥልጣን ልክ የፈረመው እኔ ራሴ እንደፈረምኩት ይቆጠራል። እንግዲህ አስቡት፦ ብር ስንልክ የምንልከው ብር ነው፣ ውክልና ስንልክ ግን የምንልከው እጃችንን ነው። ብሩ ቢጠፋ የጠፋው የሠራንበት ወር ነው። እጃችን ያለቦታው ከፈረመ ግን ቤት ሊሸጥ ይችላል፣ ቤቱ ለብድር መያዣ ሊሆን ይችላል። ያኔ ገና ያልሠራነው ወርም አብሮ ይሄዳል።

ሕጉ ራሱ ይህን ስላወቀ ውክልናን ሁለት ቦታ ከፍሎታል። በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና ንብረት ለማስተዳደር ብቻ ነው፦ ቤት መጠበቅ፣ ማደስ፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል። ቤት ለመሸጥ፣ በመያዣ ለማስያዝ፣ ስጦታ ለመስጠት፣ ፍርድ ቤት ለመከራከር ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል ቁጥር 2205። ችግሩ በተግባር «ሙሉ ውክልና» እየተባለ የሚጻፈው ወረቀት መሸጡንም፣ መለወጡንም፣ ማስያዙንም፣ መስጠቱንም አንድ በአንድ ዘርዝሮ የያዘ መሆኑ ነው። «ሙሉ» የምትለዋ ቃል ትንሽ ትመስላለች፤ ያልፈቀድነው ነገር እንዳይቀር አድርጋ ነው የምትጠቀልለው።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። «አላመንሽኝም ማለት ነው?» የሚል ወንድም ቅሬታው ዝም ብሎ የሚናቅ አይደለም። ያደግነው አደራ በቃል በሚሰጥበት አገር ነው። ሰው ከብቱን ለጎረቤት ሲሰጥ ወረቀት አልጻፈም። አደራ በላ መባል ከሌብነት የከፋ ስም ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ በቃል ከሆነ ለወንድሜ ለምን ገደብ እጽፋለሁ?

እኔ እንዲህ ብዬ አስባለሁ። ያኔም አደራው ብቻውን አልነበረም። መንደሩ ያይ ነበር። ከብቱ ከሳ፣ ጠፋ፣ ተሸጠ ሲባል በማግስቱ ይሰማል። ሽማግሌ አለ፣ እማኝ አለ፣ ባለንብረቱም ራሱ ማለዳ ወጥቶ ያያል። የመንደሩ ዓይን እምነትን ይጠብቀው ነበር፤ ማንም ግን ያንን ዓይን እንደ ጥርጣሬ አልቆጠረውም። እኛ አቡዳቢ ወይም አል አይን ሆነን ያ ዓይን የለንም። የምናየው በስልክ የሚታየንን ብቻ ነው። ስለዚህ በውክልናው ላይ የምንጽፈው ገደብ የተተካው በእምነት ቦታ ሳይሆን በመንደሩ ዓይን ቦታ ነው። ወንድሜን እንደድሮው አምነዋለሁ፤ እኔ በሌለሁበት የሚያይ ዓይን ግን ወረቀቱ ላይ አስቀምጣለሁ።

ደግሞ ገደቡ ለእሱም ይጠቅመዋል። አገር ቤት ያለ ሰው ብቻውን አይደለም። ባለዕዳ አለ፣ ደላላ አለ፣ «እህትህ ውጭ ናት፣ ምን ትጎዳለች» የሚል ጓደኛ አለ። ሙሉ ሥልጣን ያለው ሰው ለእነዚህ ሁሉ ራሱ «አይሆንም» ማለት አለበት፤ ሲልም ክፉ ይባላል። የተገደበ ውክልና የያዘ ሰው ግን «ወረቀቱ አይፈቅድም» ብሎ ይገላገላል። ከአቅሙ በላይ የሆነ ፈተና ጭነንበት ሲወድቅ ማዘን ፍቅር አይመስለኝም።

ሁለተኛው ነገር ማህተሙ ነው። አንዳንዶቻችን ማህተም ካለበት ሁሉ ነገር ትክክል ነው ብለን እናምናለን። ወረቀቱ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ኤምባሲያችን አቡዳቢ ነው፣ ዱባይ ደግሞ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት አለ። እዚያ በአካል ቀርበን፣ ማንነታችንን አሳይተን እንፈርማለን። አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የኤምባሲውን ማህተም ያረጋግጣል፤ ከዚያ እኛ በድሮው ስም «ውልና ማስረጃ» የምንለው የሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ይመዘግባል። በዚህ አገር ኖተሪ ዘንድ የተፈረመ ከሆነ ደግሞ በአረብኛ ተጽፎ፣ በኤምሬትስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አልፎ ወደ ኤምባሲያችን ይመጣል፤ ትርጉምም ይፈልጋል። ይሄ ሁሉ ማህተም የሚለው አንድ ነገር ነው፦ የፈረመችው እሷ ናት። ተወካዩ ደግ ነው አይልም። ዋጋው ተገቢ ነው አይልም። ማህተም ማንነትን እንጂ ልብን አያረጋግጥም።

ታዲያ በአካል መቅረብ ለምን አስፈለገ? ሹሙ የሚያየው ፊታችንን ብቻ መሆን የለበትም። አእምሮዋ ደህና ነው ወይ፣ የፈረመችበትን ታውቃለች ወይ፣ ሰው አስገድዷት ነው ወይ የሚለውን ማየት አለበት። ማንበብ ለማትችል እህት ሕጉ ይበልጥ ይጠነቀቃል፤ ቁጥር 1728 የማያነብ ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ኖተሪ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ካላረጋገጠው አያስገድደውም ይላል። ስለዚህ ጣትሽን ከማሳረፍሽ በፊት «በአማርኛ አንብቡልኝ» ማለት መብትሽ እንጂ ሰው ማስቸገር አይደለም።

ግን መቅረብ ለሁላችንም እኩል አይደለም። ከአል አይን አቡዳቢ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዕረፍቷ ቢሮ በተዘጋበት ቀን የሆነች፣ ወይም ፓስፖርቷ በአሠሪ መሳቢያ ውስጥ ያለ እህት ምን ታድርግ? በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 9 የመታወቂያ ሰነዳችን በእጃችን እንዲሆን፣ በሳምንትም አንድ ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት እንዲኖረን ይላል። ይሄ የድካም ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። ከቤት መውጣት የማትችል ሴት አገሯ ላይ ፊርማ የላትም፤ ስለ ራሷ ንብረት ድምፅ የላትም።

ለዚህ ነው ወደ ሰው የሚሄድ ኖተሪ ቅንጦት የማይመስለኝ። ላልተንቀሳቀሰ በሽተኛ፣ ላረጀ ሰው፣ መውጣት ላልቻለች ሠራተኛ ማህተሙ ራሱ መንገድ ቢወጣ ፍትሕ ነው። ማኅበራችንም «ማህተሙ አንዳንዴ ወደ አል አይን ይምጣ» ብሎ ቢጠይቅ የሚያሳፍር አይደለም። አንድ ነገር ግን እንወቅ፦ ሹሙ ወደ አሠሪ ቤት ከመጣ፣ ክፍሉ ውስጥ ማን ቆሟል? ማዳም አጠገብሽ ቆማ የምትፈርሚው ፊርማ ነፃ ነው ማለት ይከብዳል። ማዳሟ ደግ ብትሆንም «ብቻችንን እንሁን» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመጣው ሰው እውነተኛ የፍትሕ ጸሐፊ ከሆነ ይህን አይጠላም።

ጨርሶ የማይወከል ነገርም አለ። ኑዛዜ በሰው እጅ አይደረግም፤ ሕጉ የራስ ብቻ ነው ይላል። ጋብቻም በአካል ተገኝቶ ነው፤ በውክልና የሚፈቀደው ከባድ ምክንያት ሲኖርና ፍትሕ ሚኒስቴር ሲያረጋግጥ ብቻ እንደሆነ የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ይናገራል። ይሄ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው። ንብረቴን ሌላ ሰው ሊጠብቅልኝ ይችላል፤ ከማን ጋር እንደምኖርና ከሞትኩ በኋላ ምን እንደምፈልግ ግን ማንም በእኔ ፋንታ አይወስንም።

ተወካዩም ሰው መሆኑን አንርሳ። ስንት ቀን ሰልፍ ይቆማል፣ ከቢሮ ቢሮ ይመላለሳል። የትራንስፖርቱን መቻል፣ ማመስገን ይገባናል። እሱም በቅን ልቦና መሥራትና የሠራውን ቆጥሮ ማስረከብ አለበት፤ ሕጉ ሁለቱንም ያዘዋል። ሒሳብ መጠየቅ ስድብ አይደለም፤ አደራ ከድሮም በማስረከብ ነው የሚያልቀው።

ስለዚህ «ልላክለት ወይ?» ለምትለኝ እህት መልሴ ይሄ ነው። ላኪለት፤ ግን የትኛው ቤት፣ የትኛው ሒሳብ እንደሆነ በስም ይጻፍ። የሚፈቀደው ይዘርዘር፣ መሸጥና ማስያዝ ካልፈለግሽ «አይችልም» ይባል። ጉዳዩ ሲያልቅ ወረቀቱን ተቀበይ። ውክልናን በፈለግሽ ጊዜ መሻር ትችያለሽ፤ መሻሩን ግን ተወካዩም፣ ባንኩም፣ መሥሪያ ቤቱም እንዲያውቁት አድርጊ። «አላመንሽኝም?» ካለሽም ሳትቆጪ ንገሪው፦ «አምኜሃለሁ፤ ለዚህ ነው ለሌላ ሰው ሳይሆን ለአንተ የላክሁት።»