ያገለገለ ስፖርት ሞተር ደጋ ላይ

ደብረ ታቦር ላይ ሞተር ሳይክል ሊገዛ የተነሣ ወጣት ዐይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በሰርባቶዮው ቅርጽና በቀለሙ፣ ጆሮው ደግሞ በማርሚታው ድምፅ ላይ ነው። በዚህ አይፈረድበትም። ፐልሰርም ሆነ አፓቼ ሲሠሩ የታሰበው ለእሱ ዐይነቱ ነው፤ የሕንዱ ባጃጅ ፐልሰርን እ.ኤ.አ. በ2001፣ ቲቪኤስ ደግሞ አፓቼን በ2006 ለገበያ ያወጡት የውድድር ሞተር መልክ በትንሽ አቅም ለሚመኝ ወጣት ነበር። ብዙ ያየ ታላቅ ግን ወጣቱ ደላላ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሦስት ነገር እንዲያጣራ ይመክረዋል፦ ሞተሩ የሚሄድበትን መንገድ፣ ሲበላሽ የሚጠግነውን እጅ፣ ከሞተሩ ጋር የሚመጣውን ወረቀት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ በርካሽ የተገዛው ሞተር ከአዲሱ የበለጠ ያስወጣል።

ከመንገዱ እንጀምር። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ፋብሪካው 16 የፈረስ ጉልበት አለው ያለው ባለ 160 ሲሲ ሞተር ወደ ጉና ተራራ ሽቅብ ሲወጣ የሚሰጠው 12 ያህል ነው። ባሕር ዳር ላይ፣ 1,800 ሜትር ላይ ተነድቶ ልብ የማረከ ሞተር ደብረ ታቦር ሲደርስ ቢለግም ሁልጊዜ ታሟል ማለት አይደለም። ካርቡራተር ያለው ከሆነ አየሩ ቀንሶ ነዳጁ እንዳለ ስለሚፈስስ ካንዴላው በጥቁር ጥላሸት ይሸፈናል፤ የሚያውቅ መካኒክ ለከፍታው ያስተካክለዋል። በሴንሰር ነዳጅ የሚረጩት አዳዲሶቹ ሞዴሎች ይህን በራሳቸው ያደርጋሉ። እነሱ ሲበላሹ ግን በመፍቻ ብቻ የሚሞክራቸው መካኒክ አይበቃም።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይብሳል። ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ ከ40 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ መንገድ 900 ሜትር ያህል ይወረዳል። ማርሹን ፈትቶ ነዳጅ ለመቆጠብ የሚንሸራተት ወጣት ሸክሙን ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይጥለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዙን ይቀንሳል። የሚሻለው ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ጉልበት እየያዙ፣ ፍሬኑን እየነኩ እየለቀቁ መውረድ ነው። ይህን መንገድ አስቦ የሚገዛ ሰው የፍሬን ሸራውንና ዲስኩን ከቀለሙ በፊት ይመለከታል።

ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ እስቴ፣ ወደ እብናት ወይም ወደ ፋርጣ ገጠር ቀበሌዎች የሚመላለስ ሰው ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለው። የስፖርት ሞተር ሆዱ ለመሬት ይቀርባል፤ ጎማው ለአስፋልት የተበጀ ስለሆነ የክረምት ጭቃ ላይ ይንሸራተታል። የግብርናና የጤና ሠራተኞች ለመስክ ሥራ ያማሃ ዲቲን የመሰለ ከፍ ያለ ሞተር ሲነዱ የሚታዩት ያለ ምክንያት አይደለም። መንገድን ማስቀደም ለዚህ አገር አዲስ ትምህርትም አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከከተማዋ አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲወስዱ፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ የተንቀሳቀሰው ከፊቱ መንገድ እየተጠረገ ነው፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፈጀባቸው። ሞተር የሚገዛ ወጣት መንገድ የሚያስጠርግለት ሠራዊት የለውምና ሞተሩን ለመንገዱ ይምረጥ።

ሁለተኛው የሚጠግነው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ባለ 998 ሲሲው ያማሃ አር ዋን፣ ወይም በዓመቱ የመጣውና በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበረው ሱዙኪ ሃያቡሳ በስልክ መስታወት ላይ ሲታዩ ያማልላሉ። የአንዳቸው አንዲት ቁራጭ ስትሰበር ግን ሞተሩ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ከውጭ የሚመጣ ሰው ይጠብቃል። ሞተሩን ያየ ወጣት ከመስማማቱ በፊት ወደ መለዋወጫ ሱቅ ጎራ ብሎ የዚያን ሞዴል ፍሪሲዮን፣ ካቴናና የፍሬን ሸራ ዋጋ ይጠይቅ። ባለሱቁ «ከአዲስ አበባ ይታዘዛል» ካለው ሞተሩ በየስንት ጊዜው እንደሚቆም ከአሁኑ ገምቶ ይወስን።

መለዋወጫው ከተጠየቀ በኋላ ሞተሩን ሲመረምሩ መቸኮል አያስፈልግም። ገዢው ሻጩ ሞተሩን ሳያሞቀው በማለዳ ይድረስና በመጀመሪያ ሞተሩን በእጁ ይንካ፤ ለብ ካለ ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶታል፣ በብርድ ለመነሣት የሚቸገረውንም ሸሽጓል ማለት ነው። የደብረ ታቦር ጠዋት ለዚህ ጥሩ ፈታኝ ነው። ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ እየጣለ ከቀጠለ ዘይት እየበላ ነውና ፋሻ ወይም ሲሊንደር ያስጠይቃል። ቀጥሎ ካንዴላውን ያስፈታ፦ ደረቅና ቡናማ ከሆነ መልካም ነው፤ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ከፍታው ወይም ካርቡራተሩ ነው፤ በዘይት ከራሰ ግን ዋጋውን እንደገና መነጋገር፣ አለዚያም ትቶ መሄድ ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ የተጻፈውን ብዙ አይመን፤ በገመድ የሚሠራው ቆጣሪ ገመዱ ሲፈታ መቁጠሩን ያቆማል። እውነቱን የሚናገሩት የእግር መርገጫው ጎማ፣ የማርሽ መቀየሪያው ጫፍና የዲስኩ ጠርዝ ናቸው። መርገጫው ተልጦ ብረቱ እየታየ ቆጣሪው 8,000 የሚል ከሆነ የሚዋሸው ቆጣሪው ነው። የፊት ጎማውን ከሚይዙት ቱቦዎች ዘይት ካንጠባጠበ ዘይት መያዣ ጎማቸው አርጅቷል፤ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ጎማው ወደ አንድ ወገን ካዘመመ ሞተሩ ሳይወድቅ አልቀረም።

ሦስተኛው ወረቀቱ ነው። ብዙ ወጣት ይሰለችበታል፤ የሚያስለቅሰውም እሱ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። በሞረድ የተፋቀ ወይም እዚያ ቦታ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ ነገሩ እዚያው ያብቃ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ ሞተር፣ እንደ «በኩር» ባሉ ጋዜጦች ላይ ማስታወቂያው የሚወጣው ዐይነት፣ የአሸናፊነት ደብዳቤና የርክክብ ሰነድ ይኖረዋል፤ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነም ቀረጡ መከፈሉ ይረጋገጥ። ስም ሳያዞሩ በውክልና መንዳት የተለመደ ቢሆንም ለሻጩም ለገዢውም ጣጣ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን፣ ሌላ ሰው ሲነዳው እንኳ፣ ኀላፊ ያደርገዋል። የሦስተኛ ወገን መድንም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው።

ከወረቀቱ ጋር የሚነሣ ሌላ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በወንጀል መበራከት ምክንያት ሞተር ሳይክል ስታግድ፣ ኑሯቸው በሞተር የነበረ ብዙዎች ቆሙ፤ በኋላም የተፈቀደው ፈቃድ ይዘው ለተመዘገቡት ነው። በአማራ ክልል ከተሞችም በፀጥታ ምክንያት የሞተር እንቅስቃሴ በየጊዜው ሲገደብ ታይቷል። ተበድሮ ገዝቶ ዕለት በዕለት በሚያገኘው ዕዳውን ሊከፍል ያሰበ ወጣት ሞተሩ ወራት ቢቆም ዕዳው በምን እንደሚከፈል አስቀድሞ ይመልስ።

ገዝቶ ለወሰደው ደግሞ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ አለው። ዘይቱን ይቀይር፤ ካቴናውን አጥቦ ቅባት ይስጠው፤ የፍሬን ሸራውን ይተካ፤ ስሙን ያዙር። ለዚህ ሁሉ ከያዘው ገንዘብ ሲሶውን ሳይነካ ቢያስቀር ይበጀዋል። ቤንዚን ጠፍቶ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ሲገዛ ላስቲኩን ጥቂት አቁሞ ታቹን ይመልከት፤ ውኃ ከተቀላቀለበት ከቤንዚኑ ስለሚከብድ ወርዶ ተለይቶ ይታያል። ሄልሜቱን ግን ከሁሉ በፊት ይግዛ። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ግምገማ ሄልሜት የአደጋ ሞትን በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ማሰሪያው አገጭ ሥር ሳይጠብቅ አናት ላይ የተደፋ ሄልሜት ሲወድቁ ከራስ ቀድሞ ይበራልና በየጉዞው ይታሰር፤ ከኋላ ለሚቀመጠውም ሁለተኛ ይገዛ።