ከሥዕሉ የወጡት ሁለት ሰዎች

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ የባሕር ሥዕል ነው።

ዊንስሎው ሆሜር የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ በፈረንጆቹ 1883 ኑሮውን ወደ ሜይን ግዛት፣ ፕራውትስ ኔክ ወደሚባል ቋጥኛማ የአትላንቲክ ዳርቻ አዛወረ። በ1910 የሞተውም እዚያው ነው። በ1895 ለሕዝብ ያሳየው አንድ ሥዕል አለ፤ ስሙን ያገኘው ከሰሜን ምሥራቅ ከሚነሣው ኃይለኛ ነፋስ ነው። ዛሬ ኒውዮርክ ባለው በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። ከታች ጥቁር ቋጥኝ፣ ከፊቱ የሚንደረደር ማዕበል፣ ማዕበሉ ከድንጋዩ ሲላተም ወደ ሰማይ የሚፈናጠር ነጭ አረፋ።

መጀመሪያ ሲታይ ግን ቋጥኙ ላይ የዝናብ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች አቀርቅረው ተቀምጠው ነበር። ተመልካች ወደደው፣ ተመሰገነ። ሆሜር ግን እንደገና ብሩሹን አንሥቶ፣ እስከ 1901 ባለው ጊዜ ውስጥ ሁለቱን ሰዎች በቀለም ሸፈናቸው። አረፋውንም ከፊተኛው ከፍ አደረገው።

የተመሰገነን ነገር መንካት ከባድ ነው። ስሕተታችንን ማረም እንኳ ስንት ጊዜ ያቅተናል! እሱ ግን ያማረውን አጠፋ፤ ሰዎቹ ሲወጡ ባሕሩ ገዘፈ።

እኔ ይህን ታሪክ ሳስብ የራሴ በደል ይታወሰኛል። በአንድ የበዓል ዋዜማ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ለአንዲት አልጋ ለያዙ እናት ዱቄትና ዘይት ይዘን ሄድን። ዱቄቱን ሳስረክብ ፎቶ ተነሣሁ። እኔ ወደ ካሜራው ስስቅ እናታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያኔ አላስተዋልኩም፤ ማታ ፎቶውን ሳየው ነው የገባኝ። ከሥዕሉ መሐል እኔ ቆሜአለሁ፤ ችግራቸው ከኋላዬ ተሸፍኗል። ምጽዋት በስውር ይሁን የተባለው ለሰጪው ዋጋ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ለተቀባዩ ፊትም ነው። የተራበ ሰው ፊት የእግዚአብሔር አምሳል ነው፣ የእኔ ቸርነት ማሳያ ሰሌዳ አይደለም።

ፎቶውን አጠፋሁት። ማጥፋቱ ግን ቀላሉ ነበር፤ የከበደኝ ተመልሶ መሄዱ ነው።

ከሳምንት በኋላ ሲመሻሽ፣ ስልኬን ቤት ትቼ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ግባ ልጄ» አሉኝ፤ ፊታቸውም ወደ እኔ ዞሮ ነበር።