የማያስታውሰው ፍርሃት

ሰሃላ፣ አክስቴ ቤት፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ። ሰባት ዓመት የሆነው የአክስቴ ልጅ ከመደቡ ላይ ተፈናጥሮ ተነሳና ጮኸ። ዓይኑ ተከፍቷል፣ ላብ አጥምቆታል። እናቱ «እኔ ነኝ እኮ፣ የኔ ልጅ!» ብትለው ገፈተራት። አሥር ደቂቃ ያህል እንዲህ ቆየና ምንም እንዳልተፈጠረ ተኛ። ጠዋት ስጠይቀው ሳቀብኝ። «እኔ? መቼ?»

አክስቴ «ዱካክ ነው» አለች። አልመሰለኝም። ዱካክ የያዘው ሰው አእምሮው ነቅቶ ሰውነቱ አልታዘዝ ይለዋል፤ ሲነጋም ያስታውሰዋል። የዚህ ልጅ ግልባጩ ነው፤ ሰውነቱ ይታገላል፣ አእምሮው ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ነው። የሌሊት ሽብር የሚሉት ይህን ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሌሊቱ የመጀመሪያ ሲሶ ይመጣል፤ አብዛኞቹ ልጆችም ሲጎረምሱ ይተዋቸዋል። ሰውነቱ ቢደርቅና ቢንቀጠቀጥ፣ ምላሱን ቢነክስ ወይ ቀንም ቢደግመው ኖሮ፣ የሚጥል በሽታ እንዳይሆን ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ ሆስፒታል ትውሰደው እል ነበር።

ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። እኛ ዘንድ «ሎግ ላይ ከሌለ አልተከሰተም» የሰነፍ ማምለጫ ነው። እዚህ ግን ክርክሩ ያዘኝ። የማያስታውሰውን ፍርሃት ፈርቷል ይባላል? ልቡ ሲደልቅ በእጄ ዳስሼዋለሁ። ካልተሰቃየ ደግሞ ጸበሉም ሐኪሙም የሚፈለገው ለማን ነው? ለሱ ነው ወይስ ሲያዩት ላደሩት? አክስቴ ልትቀሰቅሰው ትታገላለች፤ መቀስቀሱ ግን ግራ መጋባቱን ያብሰዋል እንጂ አያረጋጋውም። እሳቱንና ቢላዋውን አርቆ፣ እጅን ሰብስቦ አጠገቡ መቀመጥ ነው የሚበጀው። ለእናት ይሄ ቀላል አይደለም።

የእንቅልፍ እጥረት እንደሚያባብሰው አውቅ ነበር። በሱ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ይሄ ልጅ ማታ ሁለት ሰዓት ተኝቶ ሌሊት አሥር ሰዓት ውሃ ሊቀዳ ይነሳል፤ ስምንት መሆኑ ነው። ነገርኳት። «ውሃውን እኔ አራቅሁት?» አለችኝ። በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ሰሃላን ሲመታ እዚሁ ነበረች፤ እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ትክክለኛ መረጃ ይዤ ሄጄ ወቀሳ አድርጌ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሌሊት በኋላ ግን ታላቅየውን ነው የላከችው፤ እሱም እኮ ልጅ ነው።

በማግስቱ ማታ ትንሹ አልተኛም አለ። ለካ የጠዋቱ ጥያቄዬ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነው ውሏል። ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ፣ «ጋሼ፣ ዛሬም እጮሃለሁ እንዴ?» አለኝ።