ማንም ያልተቀመጠበት ኮምፒውተር

ልጄ፣ ኮምፒውተርህ ሌት ተቀን እንደሚበራ ሰምቻለሁ። እንጀራህ ከእሱ ነው፤ ቪዲዮ ታቀናብርበታለህ፣ ትማርበታለህ፤ ስለ ሥራህ ምንም አልልህም። የምመክርህ አንተ ከወንበሩ ተነሥተህ ከሄድክ በኋላ ስላለው ሰዓት ነው። በአንድ ግቢ ከሌሎች ተከራዮች ጋር ቆጣሪ ተጋርተህ ስለምትኖር፣ ነገሩ ከአንተ ኪስ አልፎ ጎረቤትህ ኪስ ይገባል።

ኮምፒውተር ስንት ይበላል ብለህ ብትጠይቅ አንዱ "ከአምፖል አይበልጥም" ይልሃል፤ ሌላው "ግቢውን የጨረሰው እሱ ነው" ይልሃል። ሁለቱም ሳይለኩ ነው የሚናገሩት። ላፕቶፕ ቀላል ሥራ ላይ ከ10 እስከ 25 ዋት ገደማ ይወስዳል። እንዳንተ ያለ ግራፊክስ ካርድ የገባለት ዴስክቶፕ ግን ምንም ሳይሠራ በርቶ ብቻ ከነሞኒተሩ 80 ዋት ቢስብ አይገርምም። ቪዲዮ ሬንደር ሲያደርግ ደግሞ እጥፍ ድርብ ይሆናል። ፓወር ሰፕላዩ ላይ 500 ወይም 600 ዋት የሚለው ጽሑፍ ሊሰጥ የሚችለውን ጣሪያ የሚናገር ነው፤ ሁልጊዜ ያንን ያህል ይስባል ማለት አይደለም። በዚያ ቁጥር የሚያስፈራሩህን አትስማ።

80ውን ዋት ይዘን እናስላ። በቀን 4 ሰዓት ሠርተህበት 20 ሰዓት ባዶውን ቢበራ፣ በቀን 1.6፣ በ30 ቀን ደግሞ 48 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ይህን ቁጥር በቃልህ ያዘው። በአገራችን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የመጀመሪያውና ርካሹ እርከን የሚያበቃው 50 ኪሎዋት ሰዓት ላይ ነው። አቅም ያነሰው ቤተሰብ በአምፖል፣ በቴሌቪዥንና በስልክ ቻርጀር ወሩን የሚገፋበትን ያህል፣ ማንም ያልተቀመጠበት ኮምፒውተር ብቻውን ይጨርሰዋል። 3 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድም በወር 8 ጊዜ፣ በየጊዜው ለ2 ሰዓት ቢጋገርበት የሚወስደው ያንኑ 48 ነው፤ በምጣዱ ግን ቤተሰብ እንጀራ ይበላበታል።

ነገሩ በጋራ ቆጣሪ ይብሳል። ታሪፉ በእርከን ስለሆነ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ቆጣሪው ደግሞ ማን ስንት እንደተጠቀመ አይለይም፤ የአራት የአምስት ቤቱን ደምሮ እንደ አንድ ቤት ያየዋል። ስለዚህ የእያንዳንዳችሁ ትርፍ ፍጆታ ሁላችሁንም ወደ ውዱ እርከን ይገፋል። አንድ አምፖል ብቻ ያላት ልብስ አጣቢ፣ አንተ ተኝተህ ለበራው ኮምፒውተር ታዋጣለች። ይህን ሳስብ ያመኛል። አንተም ክፉ ልጅ ስላልሆንክ፣ ካወቅከው የምትታገሰው አይመስለኝም።

ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግህም። የቆጣሪውን ፊት ተመልከት፤ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል፤ 1000፣ 1600 ወይም 3200 ሊሆን ይችላል። ጎረቤቶችህን አስፈቅድና ፍሪጁም ሁሉም ነገር ለ15 ደቂቃ ይጥፋ፤ ኮምፒውተርህን ብቻ አብርተህ ሳትነካው ብልጭታውን ቁጠር። 1600 በሚል ቆጣሪ 32 ጊዜ ብልጭ ካለ 0.02 ኪሎዋት ሰዓት ሄዷል፤ በሰዓት 0.08 ማለት ነው፤ ኮምፒውተርህ 80 ዋት እየሳበ ነው። ቆጣሪው የድሮው ባለ ዲስክ ከሆነም ዙሩን ትቆጥራለህ፤ ስሌቱ ያው ነው። ጎረቤት ባለበት ቁጠር፤ አብሮ የቆጠረ ሰው ኋላ አይጠራጠርህም።

ስትነሣ ምን ታደርጋለህ? ስክሪን ሴቨርን እርሳው፤ የተሠራው የድሮው ባለ ሆድ ሞኒተር ላይ ምስል ታትሞ እንዳይቀር ነው፤ መብራት አይቆጥብም። "ማጥፋትና ማብራት ይበልጥ ይበላል" የሚሉህንም አትመን፤ ሲነሣ ለአንድ ለሁለት ደቂቃ የሚስበው ለአንድ ሰዓት ባዶውን ከሚበላው ጋር አይወዳደርም። ለምሳ ለምትወጣበት ጊዜ ስሊፕ ይበቃል፤ በዚያ ሁኔታ አብዛኛው ኮምፒውተር ከጥቂት ዋት አይበልጥም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1992 እ.ኤ.አ. ኤነርጂ ስታር የተባለውን ምልክት ሲጀምር መጀመሪያ የሰጠው ለኮምፒውተርና ለሞኒተር ነበር። ሥራ ሲፈታ በራሱ የሚተኛ ኮምፒውተር እየተለመደ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ችሎታው አንተም ቤት ተቀምጧል፣ ሴቲንጉን አስተካክለው።

መብራት በሚሄድበት ሰፈር ግን ስሊፕን ለሌሊት አትመነው። ሥራህን ይዞ የሚቆየው ራም ነው፤ ዴስክቶፕ ላይ መብራቱ ድርግም ሲል ያላስቀመጥከው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ሃይበርኔት ሥራህን ዲስክ ላይ ጽፎ ስለሚጠፋ ለእኛ ሰፈር የሚሻለው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሶኬቱን ንቀል። መብራት ሲመለስ በኃይል ይመጣና ዕቃ ያቃጥላል። አንዳንዱ ዴስክቶፕ ደግሞ መብራት ሲመለስ በራሱ ይነሣል፤ ባለቤቱ አጥፍቼዋለሁ ብሎ ተኝቶ እስኪነጋ ይበራል። ይህን ከባዮስ ማስተካከል ይቻላል፤ የተነቀለ ሶኬት ግን ከሁለቱም ይገላግልሃል።

"ግድቡ አልቋል፤ አሁን ምን ያስቆጥባል?" ትለኝ ይሆናል። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔም ደስታዬን አልቻልኩትም፤ 5,150 ሜጋዋት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ጉባ ላይ የመነጨው ኃይል አንተ ክፍል እስኪደርስ በስንት መስመርና በሰፈሩ ትራንስፎርመር ያልፋል፤ ማታ ሁሉም ምድጃውን ሲለኩስ የሚጨናነቀው ይኸኛው ነው። ደግሞም ገጠር ገና አምፖል ያላዩ ብዙ ሚሊዮን ወገኖች አሉን። ያንተ 80 ዋት ብቻዋን ትራንስፎርመር አታቃጥልም፤ አላጋንንብህም። ግን ኃይል በዛ ተብሎ የግቢያችሁ ሂሳብ አይቀንስም፤ ቆጣሪው ያው ነው የሚቆጥረው።

የሌሊቱ የኢንተርኔት ጥቅል ስለሚረክስ ብዙ ልጆች ኮምፒውተር አብርተው የሚያድሩት ፋይል ሊያወርዱ እንደሆነ አውቃለሁ። አውርድ፤ ግን ሞኒተሩን አጥፋ፣ ማውረጃ ፕሮግራሙም ሲጨርስ ኮምፒውተሩን እንዲያጠፋ እዘዘው፤ አብዛኞቹ ይህን ምርጫ ይዘዋል። ፋይሉን በስልክህ ወይም በላፕቶፕ ማውረድ ከቻልክ ደግሞ ዴስክቶፑን ጨርሶ አታስነሣው።

በሚቀጥለው የሂሳብ ቀን አከራይህ "ኮምፒውተር ያለው ይጨምር" ሲሉ አትቆጣ፣ ዝም ብለህም አትክፈል። የቆጠርከውን፣ የምትሠራበትን ሰዓትና በወር የሚሆነውን በወረቀት ጽፈህ ስጣቸው። ድርሻህ ከሌላው ከበለጠ ሳትጠየቅ ጨምረህ ክፈል፤ ካነሰም ወረቀቱ ይናገርልሃል።