የክርስትና ስማቸው ማን ነበር?

አንዲት አዛውንት ሲያርፉ ቄሱ ለፍትሐቱ የሚጠይቁት የክርስትና ስማቸውን ነው። ብዙ ጊዜ ልጆቹ ይተያያሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» ሲላቸው ኖሮ ወለተ ማርያም ይሁኑ ወለተ ሥላሴ የሚያውቅ ከአንዲት እህታቸው በቀር አይገኝም። ስሙ ሲገኝ ደግሞ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ በሌላ ደብር በዚሁ ስም ጸሎት የሚደረግላቸው ብዙ ሴቶች አሉ። ቤተ ክርስቲያን የምታስባቸው ከሌላው በማይለያቸው ስም ነው፤ ቤተሰቡ ግን የሚናፍቀው የሚለያቸውን ነው። ታዲያ እንዲህ ያሉ ሰውን ማስታወስ ምን ማድረግ ነው?

ዊንጌት አጠገብ ባለው በጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን፣ በቀብር ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ ከወረቀት ሲነበብ ችግሩ ጎልቶ ይሰማል። ወረቀቱ የተበጀው ለትምህርት፣ ለሹመትና ለዝውውር ነው። ለእማማ የትውልድ ቦታና የልጆች ቁጥር ከተነገረ በኋላ «ሃይማኖተኛና ሰው ወዳድ ነበሩ» ተብሎ ይዘጋል። ይህ የጸሐፊው ስንፍና አይደለም፤ ታሪክ የሚፈልገው አንድ ቀን የሆነን ነገር ነው፣ የእሳቸው ኑሮ ደግሞ ሁልጊዜ የሆነ ነው። እስቲ እናስላው፦ ከ15 ዓመታቸው እስከ 80 የጾሙ ሴት 65 ጊዜ ዐቢይ ጾምን ጾመዋል። በ55 ቀን ሲባዛ 3,575 ቀን ይሆናል፤ 10 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታና ነቢያት ገና አልተቆጠሩም። ይህ ሁሉ ዘመን በወረቀቱ ላይ አንድ ቃል ነው፤ «ጾመኛ»።

የእኔ ሐሳብ፣ በመደጋገም የተሠራ ሕይወት የሚታወሰው በመደጋገም ነው፤ ትረካ አይይዘውም የሚል ነው። የጽዋ ማኅበርተኞች ይህን ሳይናገሩት ያውቁታል። ወር በገባ በ21 ማርያምን ይዘክሩ የነበሩ እናት ሲሞቱ ቦታቸውን ልጅ ይተካል፤ ተራው ሲደርስ ዳቦው ይደፋል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ጽዋው በጨርቅ ተሸፍኖ ከአንዱ ቤት ወጥቶ ሌላው ቤት ይገባል። ስለ እሳቸው ንግግር የሚያደርግ የለም። የናፈቀ ያለቅሳል፣ ያልናፈቀ ዳቦ ይቆርሳል፤ መታሰቢያው በሁለቱም ይሞላል። «ተዝካር» ራሱ ከማሰብ የመጣ ቃል ሆኖ ሳለ፣ ስንሰማው ዓይናችን ላይ የሚመጣው የተጎለተ ድስትና በር ላይ የተሰበሰበ ነዳይ ነው። ድግሱ ቤት ያራቁታል የሚለው ወቀሳ እውነት አለው፤ ነገር ግን ወቀሳው ስለ መጠኑ ነው።

ከዚህ የሚጠነክር ተቃውሞ አለ። መደጋገም ማስታወስ ከሆነ፣ ወያላው በቀን መቶ ጊዜ «ዊንጌት! ዊንጌት!» ሲል ማንን እያስታወሰ ነው? ኦርድ ዊንጌት በ1933 ዓ.ም. ጌዴዎን የሚል የመጽሐፍ ቅዱስ ስም ያለውን ጦር መርቶ በጎጃም በኩል ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የገባ፣ በ1936 ዓ.ም. ሕንድ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ የሞተ እንግሊዛዊ መኮንን ነው። ስሙ በእሱ ከተሰየመው ትምህርት ቤት ወደ ሰፈሩ፣ ከሰፈሩ ወደ ታክሲው ተሻገረ፤ ሰውየው ግን በመንገድ ቀረ። ተቃውሞው ጥሩ ነው፤ ግን የተደጋገመው ስሙ ብቻ ነው፣ ሥራውን የወረሰ ተሳፋሪ የለም። ከዚያው ታክሲ የወረደ ወጣት ጥብስ ሲቀርብለት «ውይ፣ ዓርብ ነው እኮ» ብሎ ሳህኑን ሲመልስ ነገሩ ይገለበጣል። የአያቱን ስም አልጠራም፣ ምናልባትም አላሰባቸውም፤ እጁ ያደረገው ግን የእሳቸውን ነው።

ይሁንና እማማ ራሳቸውስ? ቀልዳቸው፣ ኩርፊያቸው፣ ቡና ሲያቀጥኑባቸው የሚናገሩት ነገር በዚህ ሁሉ ውስጥ የት አለ? እዚህ ላይ እናቱን በጽሑፍ ያስታወሰውን የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስን መጥራት ግድ ይላል። እናቱ ሞኒካ በ387 እ.ኤ.አ. ወደ አፍሪካ ለመመለስ በጉዞ ላይ ሳለች ኦስቲያ ላይ አረፈች። ቀድሞ ከባሏ ጎን ለመቀበር ትጨነቅ የነበረችው ሴት በመጨረሻ ሬሳዬን የትም ቅበሩት፣ ብቻ በመሠዊያው ፊት አስቡኝ አለች። ልጇ በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ ስሟን የጠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም አንባቢዎቹ በመሠዊያው ፊት እንዲያስቧት ሲለምን ነው። ግን በልጅነቷ ከጓዳ ወይን ትጎነጭ እንደነበር፣ አንዲት አገልጋይ ሰካራም ብላ እንደሰደበቻት ሳይደብቅ ጽፏል። መሠዊያው የእሷ ፈቃድ ነበር፣ የወይኑ ወሬ የልጇ ናፍቆት። ሁለቱ ሲጋጩ እኔ ለሟቿ ፈቃድ አደላለሁ።

የማይመለስልኝ ጥያቄ የዛሬው የአዲስ አበባ ቤት ነው። ከእማማ የልጅ ልጆች አንዱ ቤተ እምነቱን ቀይሯል፤ ጽዋውን አይቀበልም፣ ተዝካሩን አይቀምስም፣ ዓርብ ለእሱ እንደ ሐሙስ ነው። አያቱን የሚወድበት ፍቅር ግን አልቀነሰም። መደጋገሙ ለተዘጋበት ለዚህ ልጅ የሚቀረው የቀብሩ ዕለት የተነበበው ወረቀት ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ ስለ ቀጠነው ቡና አንድም መስመር የለም።